የእማዬ የጋዝ ምድጃና የጋሽ ፕሮኮፕ በረዶ

ለምወድሽ እህቴ ለኦሪሲያ፤

እታለሜ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ማታ ማታ የሚነዝርሽ ትከሻ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ሌስሊ እንዴት ነው? ልጃችሁ ታምራስ ፈተናዋን ጨረሰች? ያቺ የሰው ወንበር ካልሆነ አልተኛም የምትል ድመታችሁስ? እናንተ ዘንድ ቪክቶሪያ ከተማ በዚህ በበረዶው ወር አበባ እንደሚፈነዳ የኔዋ ቬርና ከጋዜጣ አንብባልኛለች፤ አላመንኳትም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ይህን ከመነሻው የጻፍኩልሽ ወደ ታች ስትወርጂ ልብሽ እንዳይሰቀል ነው። እንግዲህ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይና እህ ብለሽ ስሚኝ።

መቼም አምና እማዬ እንጨት ታቅፋ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ተንሸራታ እጇ ከተሰበረ በኋላ የተነጋገርነውን አትረሺውም። አንቺ «እኔ ጋ ትምጣ፣ ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ» አልሽ። እሷ ደግሞ «ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ የሬሳ ሳጥን ነው» ብላ ግግም አለች። በመጨረሻ ሦስታችንም በስልክ ተስማማን፦ የእንጨቱ ምድጃ ተነሥቶ የጋዝ ይተከልላታል፤ ክረምቱን በእሱ ሞቃ ከከረመች ቤቷ ትቀመጣለች፤ ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ ወደ አንቺ ትመጣለች። እኔም ነገሩ በሰላም ማለቁን ብቻ አይቼ ደስ አለኝ።

ዮርክተን ከተማ ወዳለው የምድጃ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ሻጩ ለስላሳ ልጅ ነው፤ እማዬን ክንዷን ይዞ ትልቁ ምድጃ ፊት አስቀመጣትና ከኪሱ ሪሞት አውጥቶ እሳቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርግላት ጀመር። ማራገቢያ አለው፣ በሰዓት ይበራል፣ በሰዓት ይጠፋል እያለ አንበለበለው። እማዬ እስኪጨርስ ሰማችውና «መብራት ሲጠፋስ?» አለችው። «ኧረ እማማ፣ መብራት እኮ ብዙም አይጠፋም» አላት። «የኔ ልጅ፣ አንተ ለመሆኑ የት ነው የምትኖረው?» አለችው። ልጁ ቀላ። ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለው ትንሽ ጥቁር ምድጃ ወሰደን። ይኼኛው ውስጡ ሁልጊዜ የማትጠፋ ትንሽ ነበልባል አለችው፤ መብራት ኖረ አልኖረ ትልቁን እሳት የምትለኩሰው እሷ ናት። እኔ እንኳ ስፋቱን አይቼ «ይኼ አያንሳትም?» ብዬ ነበር። ሻጩ ግን ትልቁ ያን ክፍል ምጣድ እንደሚያደርገው፣ እማዬም ወይ መስኮት እንደምትከፍት ወይ እንደምታጠፋው አስረዳኝ፤ ልጁ እውነቱን ነው።

የሳቅነው በእንጨቶቹ ነው። እማዬ ጎንበስ ብላ «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» ስትል ልጁ ሸክላ ነገር እንደሆኑና እንደማይነዱ ነገራት። «የማይነድ እንጨት! ይኼንንም ለማየት በቃሁ!» አለች። ቀጥላ መስተዋቱን አንኳኳችና «ድንቹስ በየት በኩል ይገባል?» ብላ ጠየቀች። መስተዋቱ ታሽጎ የሚኖር፣ የማይከፈት መሆኑን ሲነግራት ፊቷን አጠቆረች። በረመጥ ድንች ሳይጠበስ የሚከርም ክረምት አይታ አታውቅማ። ቤት ልንደርስ ስንል ግን «እሺ፣ ትንሹን» አለች።

ልትተክለው የመጣችው ጆሊን የምትባል ባለሙያ ናት። ከምድጃው ጀርባ ግድግዳውን ስትበሳ፣ መቼም የአያቶቻችንን ቤት ታውቂዋለሽ፣ ከእንጨቱ ላይ ያ ጭድ የገባበት ጭቃ ብቅ አለ። ጭቃው ላይ የለቅላቂው ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጆሊን መጋዟን አጥፍታ «ይኼ የማን እጅ ነው?» አለች። እማዬ ቀረብ ብላ አየችውና «የአማቴ ነው። ይኼን ቤት የለቀለቀችው እሷ ናት» አለች። ከዚያ የራሷን ጣቶች በዚያ በጣቶቹ ፈለግ ውስጥ አስገባች። አልገባላትም፤ ጠበባት። «እጇ ትንሽ ነበር ለካ» አለች፤ «ስትቆጣኝ እኮ ትልቅ ይመስለኝ ነበር።» ጆሊን ያን ቁራሽ ጭቃ ሳይሰበር ቆርጣ አውጥታ ሰጠቻት፤ አሁን መስኮቱ ላይ ነው። እኔ ምስማር የምፈልግ መስዬ ወጣ አልኩ።

ይኼ ምድጃ የቆየውን የጭስ ማውጫ አይጠቀምም። አንዱ ባንዱ ውስጥ ያለ ድርብ ቱቦ አለው፤ በውስጠኛው ይተነፍሳል፣ በውጪኛው አየር ይስባል። ጫፉ በስተሰሜን በኩል ከግድግዳው ወጥቶ በቆርቆሮ ሳጥን ያልቃል፤ ከመሬት እስከ ጉልበቴ ይሆናል። ጆሊን ጣቷን ቀስራ «ይኼ አፍንጫው ነው» አለችን። «ከታፈነ ራሱን ያጠፋል። በረዶ እንዳይጠጋው።» እኔም እሺ አልኩ፣ እማዬም እሺ አለች። እሳቱ ሲለኮስ እማዬ እጇን አጣምራ እንግዳ ሰው እንደመጣባት ሆና ተቀመጠች። አመድ የለው፣ ጭስ የለው፣ ጠብ የሚል ፍንጣሪ የለው። ግን ብዙም ሳይቆይ ለመደችው። በገና ዋዜማ ለሞቱት እንደምናደርገው ያባባን ሳህን ባዶ ወንበሩ ፊት ስናስቀምጥ ወንበሩን ራሷ ወደ ምድጃው ጠጋ አደረገችው፤ እሱም ይሙቀው ብላ። ቤተ ክርስቲያን ላይ ለሴቶቹ ስትኩራራ ብትሰሚያት ምድጃውን ራሷ የወለደችው ትመስላለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ጋሽ ፕሮኮፕን ታውቂያቸው የለ? ከመንገዱ ማዶ ያሉት። አባባ ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ፣ የመጀመሪያው ደህና በረዶ እንደወረደ፣ አካፋቸውን ይዘው ይመጡና የእማዬን ቤት ዙሪያውን እስከ መስኮቱ ሥር በበረዶ ይደግፉታል፤ ነፋስ ከወለሉ ሥር እንዳይገባ። ይኼን የሚያደርጉት እሷ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቀው ነው። ቤት ካለች ግቡ ትላለች፣ ከገቡ ታበላቸዋለች፣ ከበሉ ደግሞ ለሆዳቸው የሠሩ ይመስልባቸዋል። ስለዚህ አያንኳኩም፣ አይናገሩም፤ ሠርተው ውልቅ። እማዬም ታውቃለች፣ ግን አንስታው አታውቅም። እንዲህ ሆነው ነው የኖሩት።

ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ከገና በኋላ ነው በደንብ የጣለው። ጋሽ ፕሮኮፕ እንደልማዳቸው መጡ። ያን የቆርቆሮ ሳጥን አዩ። ምንነቱን የነገራቸው የለም። «እነዚህ ልጆች ለባልቴት ቤት እንዲህ ያለ የነፋስ ቀዳዳ ከፍተው ይሄዳሉ?» ብለው እኔን ሲረግሙ ቆዩና፣ ጣውላ ፈልገው አፉ ላይ ገጠሙበት፤ በላዩ በረዶውን ቆለሉ፤ በአካፋው ጀርባ መታ መታ አድርገው አለሰለሱት። ሥራቸው መቼም ቅንጣት ጉድለት የለበትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ውሽንፍሩ ተነሣ። መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ምድር ቤት ያለው ማሞቂያም፣ የወጥ ቤቱ ምድጃም አብረው ሄዱ። መንገዱም ተዘጋ። ስልኩ ግን ይሠራ ነበርና ደወልኩላት። «እማዬ፣ እሳቱ እንዴት ነው?» ስላት «ይነዳል፤ ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ደግሜ ስደውል «ኧረ ሞቆኝ ሹራቤን አውልቄያለሁ» አለች። እኔም ለቬርና «አየሽ? ትንሹ ይበቃል ብዬ አልነበረም?» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። መጀመሪያ ያንሳታል ያልኩት እኔ መሆኔን ቬርና አስታወሰችኝ።

መንገድ ጠራጊው እንዳለፈ ሄድኩ። ከሩቅ መስኮቱ ነጭ ሆኖ አየሁት፤ ስጠጋ ግግሩ ከውስጥ በኩል ነው። ክው አልኩ። በሩን በርግጄ ስገባ እማዬ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ያባባን የበግ ቆዳ ካፖርት ለብሳ፣ በሻርፕ ላይ ሻርፕ ደርባ፣ ውኃው የቀዘቀዘበት የሙቅ ውኃ ላስቲክ ታቅፋ። ስታየኝ ብድግ ልትል ሞከረችና «ዶሮዎቹን ልቀልብ ልወጣ ስል መጣህብኝ» አለች። እታለሜ፣ ዶሮዎቹን በመከር ሸጠናቸዋል። እሷም ራሷ የተናገረችውን ሰማችውና አንገቷን ደፋች።

እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ጮኽኩባት፤ እንግዲህ ተቆጪኝ። «እሳቱ ከጠፋ ለምን አልነገርሽኝም? በስልክ ናልኝ ማለት ያቅትሻል?» አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «ብነግርህ ለኦሪሲያ ትነግራታለህ። ከነገርካት ደግሞ ፋሲካ ላይ ሻንጣዬን ታሲዙኛላችሁ።» ትንሿን ነበልባል ደጋግማ ለኩሳት ነበር፤ በርታ በርታ ትጠፋባታለች። ምድጃው እሷን የጠላ መሰላት። ተበላሸ ብላ ለእኛ ከማለት መቀዝቀዙን መረጠች። እዚያው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እናታችን ከብርዱ ይልቅ የፈራችው እኛን ነው። እኔና አንቺ እኮ እሷን መውደዳችን መስሎን ነው ያን ውል የተዋዋልነው።

አቅፌ መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ አስቀመጥኳትና አካፋ ይዤ በሰሜን በኩል ዞርኩ። በረዶውን ስንድ ጣውላው ብቅ አለ። ይህን ጊዜ ጋሽ ፕሮኮፕ መኪናዬን አይተው ደረሱ። «አንተ ሜትሮ! አብደሃል? የደገፍኩትን ለምን ታፈርሳለህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እዚያው በረዶው ላይ ዝርፍጥ አሉ። «እኔ ቤቷን ላሞቅ እንጂ እሳቷን ልገድል አልመጣሁም» አሉ። እኔ ማጽናኛ ቃል ስፈልግ እማዬ የመኪናውን መስኮት አወረደችና «አንተ ፕሮኮፕ! ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ በጓሮ ዞረህ ስትሄድ ዝም አልኩህ። አንድ ቀን አንኳኩተህ ሾርባ ብትጠጣ ኖሮ ያ አፍንጫው ነው ብዬ አልነግርህም ነበር? ከዛሬ ጀምሮ ታንኳኳለህ፣ ትገባለህ፣ ትበላለህ!» አለቻቸው። ጋሽ ፕሮኮፕ «እሺ ፓራስካ» ብቻ አሉ። አሁን ሳጥኑን ዙሪያውን በጣውላ አጥረውለታል፤ በየጠዋቱ ላም ሊያልብ እንደሚሄድ ሰው እየመጡ ያዩታል። እያንኳኩም ነው።

እሳቱ ጣውላው እንደተነሣ ሳያንገራግር ተለኮሰ፤ መብራት ገና አልመጣም ነበር። ሐኪሙ ጣቶቿንም ደረቷንም አይቶ ምንም እንዳልሆነች ነግሮናል፤ ሐሳብ አይግባሽ። ምሳ ስንበላ ግን አንድ ነገር ተናገርኩ። ውሉ ቀርቷል አልኳት። ቢበርድሽም ቢሞቅሽም ቤቱ ያንቺ ነው፤ ብቻ አትደብቂን፤ ሲከፋሽ ንገሪንና አብረን መላ እንፈልጋለን፤ ኦሪሲያም እንዲህ ነው የምትለው አልኳት። ያንቺን ቃል ሳልጠይቅሽ ሰጠሁ። ከተቆጣሽ እኔን ተቆጪ። ክፍሏን ግን አታፍርሺው፤ እንግዳ ሆና ብትመጣ ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። እማዬ ዳቦ ቆርሳ ሳህኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ አመነችኝ አላመነችኝ አላወቅኩም።

ሐሙስ ዕለት ሥጋ ቤት ቆሜ እያለሁ ቬርና ደውላ «እናትህ ትፈልግሃለች፤ ድምፅዋ ልክ አይደለም» አለችኝ። ደወልኩላት። «ሜትሮ፣ በርዶኛል» አለችና ዘጋችው። በሕይወቴ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ አንቺንስ ብላሽ ታውቃለች? የገዛሁትን ሥጋ እዚያው ትቼ መኪናውን አከነፍኩት። ስገባ ቤቱ ግሏል፣ እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ እማዬ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። «እማዬ! ምን ሆንሽ?» ስላት ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሣ «ምንም አልሆንኩ። በርዶኛል ማለት ይቻል እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው» አለችኝ።

ሌስሊን ሰላም በይልኝ፤ ታምራን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ድመቷንም ከወንበሩ ሳታስነሺ ዳብሺልኝ። ቬርናና ልጆቹ በጣም ይናፍቁሻል። ጋሽ ፕሮኮፕ ሰላምታ ልከዋል፤ ስማቸውን ክፉ አድርጌ እንዳላነሣው ለምነውኛል። እማዬ ደግሞ ጉንጮችሽን ትስማለች። እሁድ እሁድ ቤት ናትና ደውዪላት። ያንቺንም ጆሮ መሞከሯ አይቀርም፤ «በርዶኛል» ካለችሽ አትደንግጪ፣ ደስ ይበልሽ እታለሜ፤ አምናናለች ማለት ነው።

ወንድምሽ ሜትሮ
ካኖራ አጠገብ፣ ሳስካችዋን
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997