ያላደረባቸው ሕመም

የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» የሚላቸው አባታችን፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከብረት በያጅ አባታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ መስታወት ቆራጭነትን ከአጎታቸው ለመዱ፤ በ1979 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የቆረጡት መስታወት ልክክ ብሎ ይገባል። «ቤቱ ነው የተጣመመው» የሚል ቆራጭ ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በ2004 ዓ.ም. እጃቸው ያለፈቃዳቸው ይወራጭ ጀመር። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ በማያውቅ ሰው ላይ ደንበኞቻቸው «ሚሊሜትር ወደ ሊትር ተቀየሩ!» እያሉ አላገጡባቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አሉ፤ እንኳን መጡ።

ሐኪሙ በዘር ይኖር እንደሆነ ሲጠይቃቸው «የለም» አሉ። የገዛ እናታቸው እንዲሁ እየተወራጩ፣ «ጋኔን ለክፏቸው ነው» ተብሎ የጓሮ ክፍል ተዘግቶባቸው እንደሞቱ ያውቁ ነበር። ታላቅ እህታችን ልትዳር ስለነበር ደበቁ። በ2009 ዓ.ም. እሷ ስታረግዝ ግን አላስቻላቸውም፤ ተመልሰው እውነቱን ተናገሩ።

የደም ምርመራው ሃንቲንግተን የሚባል የአንጎል ሕመም መሆኑን አሳየ። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ አንድ ዘረ መል ውስጥ እንደ መንተባተብ ያለ ድግግሞሽ ከልክ ሲያልፍ አንጎል ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው። ምክንያቱ ታውቋል፤ ፈውሱ ገና ነው። አባታችን ደማቸውን ለምርምር ሰጡ፤ አንጎላቸውንም ሲሞቱ እንዲወሰድ ተናዘዙ። «ጋሼ፣ አካልዎን አጉድለው ሊቀበሩ ነው?» ላሏቸው ታናሽ ወንድማቸው «አንተ ሞልተህ ተቀበር፤ ማን ከለከለህ?» ብለው መለሱ። ኑዛዜያቸው ተፈጽሟል።

እናታችን ስምንት ዓመት አንስተው አስቀምጠዋቸዋል። ዛሬ ቢያንቀላፉ አትቀስቅሷቸው።

ዘመዶቻችን እዚህ ላይ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ እንዲታለፍ ለምነዋል። አላደረባቸውም። የሚያድር እንግዳ ነው፤ ይሄ አብሯቸው ተወልዷል፣ አብሯቸው ተምሯል፣ አብሯቸው ተድሯል። አባታችን ከዚሁ ጋር ኖረው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው አሉ። ታላቂቱ ተመርምራ ነጻ ናት፤ ስለዚህ ልጇም ነጻ ነው። ይህን የምታነብላችሁ ታናሺቱ ገና አልተመረመረችም፤ ደክሟታል። ወንድማችን ተመርምሮ ተገኝቶበታል፤ ይህ እንዲነበብ የፈቀደውም እሱ ነው። ለትዳር ላሰባት ልጅ አስቀድሞ ነግሯታል። ዛሬ አጠገቡ ቆማለች።

ለአፍታ እንኳ ጸጥ ማለት የተነፈገውን ሰውነታቸውን በአፈር፣ ነፍሳቸውን በእቅፉ ፈጣሪ ያሳርፍልን።