የዝይ በጋ

ሰኞ

ዛሬም አልያዘችውም። ነርሷ ሲስተር ኛቦል ልጁን ከደረቴ ፈትታ ወደ እህቴ ወደ አጁሉ ስትዘረጋው፣ አጁሉ ወደ ግድግዳው ዞረች። መንትያው በተወለደ ዕለት ሞቷል። ይሄኛውም ጊዜው ሳይደርስ የመጣ ነው። ደረት ላይ ታስሮ በሰው ገላ ካልሞቀ አይተርፍም ተብሏል። ስለዚህ እኔ ታጥቄዋለሁ።

"አልለምደውም" አለችኝ። "አንዱን ለምጄ የሆንኩት ይበቃኛል።"

ወተቷን ግን እያለበች በኩባያ ትሰጠናለች።

ማክሰኞ

ኛቦል የተማረችው ደቡብ ሱዳን፣ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው ሲያልቅባት ወደዚያ ትሻገራለች። የልጁን የጀርባ ጠጉር ነካ አድርጋ "ጎሳመር" አለች። አላወቅኩትም።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የእንግሊዝኛ መምህርት?" ሳቀችብኝ።

"ምን ማለት ነው?" አለች አጁሉ ከአልጋዋ። ስለ ልጁ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ረቡዕ

ቃሉን ስልኬ ላይ ልፈልግ ብል ኔትወርክ የለም።

ወንዝ ዳር ማታር ከተማ ያለው ባሏ ግን እንደምንም ደወለ። "ልጆቹስ?" አለ። አጁሉ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የጀልባ ሞተር ብቻ ነው።

ሐሙስ

አገኘሁት። ጎሳመር፦ አየር ላይ የሚንሳፈፍ የሸረሪት ድር፤ ከዚያም እንደሱ ስስና ቀላል የሆነ ነገር ሁሉ። ድሮ "የዝይ በጋ" ከማለት የመጣ ይመስላል። በእንግሊዞች አገር ኅዳር ላይ፣ ዝይ በሚበላበት ሰሞን፣ ጥቂት ሞቃት ቀናት አሉ። ድሩም ያኔ ይበዛል። ለምን በዝይ እንደተጠራ ግን እርግጠኛ የሆነ የለም።

ለአጁሉ ነገርኳት።

"ኅዳር እኮ አሁን ነው" አለች። "ባሮ ጎድሎ ዝይ አሸዋው ላይ የሚሰፍርበት።"

ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ፤ ቀጠልኩ። ድሩን የሚለቁት ትንንሽ ሸረሪቶች ናቸው፣ ነፋስ ይዟቸው ይሄዳል አልኳት።

"እሱም ይሄዳል ማለት ነው" አለችና ፊቷን መለሰች።

ምናለ ባልነገርኳት።

ቅዳሜ

ወባ ያዘኝ። ኛቦል ልጁን ከእኔ ፈታችው፤ ሳትጠይቅ አጁሉ ደረት ላይ አሰረችው።

"ተቆጪኝ፣ ግን እንዳትነቃነቂ።"

አጁሉ አልተቆጣችም። አልነካችውምም። ክንዶቿን ግራና ቀኝ አልጋው ላይ ዘርግታ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ይተነፍሳል?"

"እሱን እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ያለው አንቺ ጋ ነው" አለቻት ኛቦል።

እኔን ኮሪደሩ ላይ አስተኙኝ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም ደረቴን ይበርደኛል። ከክፍሉ ድምፅ አይመጣም፣ ለቅሶም የለም። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሏል። የሚታየኝ የአጁሉ አንድ እጅ ብቻ ነበር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ። አሁን ቀና ብዬ ሳይ ከዚያ ተነስቷል፤ ወደ ደረቷ፣ ወደ ልጁ ታጥፏል።