በደረጀ መቃብር የተገኘው መንጋጋ

ሰኞ፣ የካቲት 3
የቁፋሮው የመጀመሪያ ቀን። የሰበታው ቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሊሰፋ ስለሆነ የታናሽ ወንድሜን የደረጀን አፅም ወደ ግንቡ መቃብር፣ ወደ ፉካ እናዛውራለን። ይነዳው የነበረው የጭነት መኪና ወንዝ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ። ሬሳውን ከስፍራው ያመጣው ታላቃችን ጋሽ ከበደ ነበር። ሳጥኑ አይከፈት አለ፤ አልከፈትንም።
አጥንቱን በነጠላ ላይ ደረደርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ አስተምሬ ይህን ለሌላ ሰው አልተውም። ቆፋሪው ሳቀ፦ «መምህር፣ ዛሬም ፈተና ያርማሉ?»
ደረጀ አርባ ዓመቱ ነበር። የዚህ መንጋጋ የመጨረሻ ጥርሶች ገና አልወጡም። የቀሩት ሙሉ ናቸው። የደረጀን የታች ግራ መንጋጋ ጥርስ ሐኪም ቤት ወስጄ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
አንድ ማስረጃ አይበቃም። ተመልሼ ሄድኩ። ቀኝ ጭን፦ የስብራት ምልክት የለም። ደረጀ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ተሰብሯል፤ ጠማማ ገጥሞ እስኪሞት ያነክስ ነበር። በጉልበት በኩል ያለው የአጥንቱ ጫፍም ገና አልተዋሃደም። እድገቱን ያልጨረሰ ሰው።
መኪናው ላይ የነበረው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ረዳቱ ቶሎሳ። አሥራ ሰባት ዓመቱ። አልተገኘም የተባለው።
ማስታወሻዬ፣ ይህን ለማን ልናገር?

ሐሙስ፣ የካቲት 6፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ጋሽ ከበደን ጠየቅሁት። አልካደም። ደረጀን ወንዙ ወስዶታል፤ ያገኘው ቶሎሳን ብቻ ነው። ባዶ እጄን ገብቼ እማዬን ምን ልበላት ነበር አለኝ።
የቶሎሳ እናት አዴ ጫልቱ ያኔ ከተፍኪ ለቅሶ መጥታ ነበር። ሳጥኑን አቅፋ «እናንተስ ታድላችኋል፤ የምትቀብሩት አላችሁ» አለች። ጋሽ ከበደ አጠገቧ ቆሟል። እኔ ውሃ አቀበልኳት፣ አጽናናኋት። በእኔም አፍ ዋሸ።

ዓርብ፣ የካቲት 7
ጋሽ ከበደ መጣ። እሑድ ፉካው ይዘጋ ይላል። እማዬ ከሰማች ትሞታለች፣ ደግሞስ ሁሉም አፈር ነው። «ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልነውን» ብሎ ጀመረ። «ያልከውን» አልኩት። ተነሥቶ ወጣ።
ስለ እማዬ ልክ ሊሆን ይችላል። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። እፈራለሁ።
አጥንቱን ቆጥሬ በአቡጀዲ ጠቀለልኩ። የደረጀ ስም አይጻፍበትም። ነገ ጠዋት ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ተፍኪ እሄዳለሁ።