ደም ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ጥር 18

«ቲንግ! ሦስተኛ ፎቅ። የፊት ጥርስ የሌላቸው እዚህ ይውረዱ» ስላት ሊያ ጆሮዬን ጎተተችው። ዛሬም አሳንሰሩ እኔ ነኝ። የእህቴን ልጅ አዝዬ ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ወጣሁ። ስትፈልግ አፍንጫዬን ትጫናለች፣ እነሳለሁ፤ ስትፈልግ ትጫናለች፣ እቆማለሁ። ቦሌ ውስጥ የስንቱን ሕንፃ አሳንሰር ስጠግን እየዋልኩ እህቴ ያለችበት ሕንፃ አሳንሰር የለውም። ይህን ቀልድ የፈጠረው እግዜር ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ሊያ አምና በእግሯ ትወጣ ነበር። መስከረም ላይ ግድግዳ ይዛ ወጣች። ከገና ወዲህ ጀርባዬ ላይ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው።

ከሰዓት ከእህቴ ከሰናይት ጋር ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያለው ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ፌቨን ወሬ ነበራት። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የሊያን ጉዳይ እናየዋለን ብለዋል። ሰናይት አለቀሰች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና «ፓስፖርት ይጠይቃሉ ወይስ ጉንጯን ስመው ይለቋታል?» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

የገባኝን ልጻፍ፣ ነገ እንዳልረሳው። የሊያ በሽታ ስሙ ከምላሴ ይረዝማል። ያለባቸው ልጆች ከዓለም ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ ይሞሉ እንደሆነ እንጃ። ለአንድ ሚኒባስ ሰው ብሎ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ የለም። እነዚህ ሰዎች ግን የአንድን ልጅ ዘረ መል አንብበው፣ ስህተቱን ፈልገው፣ ለዚያች ልጅ ብቻ የሚሆን መድኃኒት ይሠራሉ። እኔም ፋብሪካው የተዘጋበት አሳንሰር ሲገጥመኝ የተሰበረውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጻለሁ። ይህን ስነግራት ዶክተሯ ፈገግ አለች፦ «ልዩነቱ ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ዕቃው አልገጥም ካለ አውጥተው ይሞርዱታል። እኛ ከሰጠናት በኋላ ማውጣት የለም።» ደግሞም ቢሳካ በሽታውን ሊያቆመው ይችላል እንጂ የሄደውን ይመልሳል ብላ አልዋሸችንም።

ችግሩ ይህ ነው። እያንዳንዳችን የዘረ መል ጽሑፍ ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት። ሊያ ላይ ሁለት ስህተት ተገኝቷል። አንዱ ከሰናይት መምጣቱ በምርመራ ታውቋል። ሊጠግኑት የሚያስቡት ሁለተኛውን ነው፤ እሱ ግን ከአባቷ ወገን መምጣቱን ማረጋገጥ አለባቸው። አባቷ ዮናስ ደግሞ በመኪና አደጋ ሞቷል። እናቱም በሕይወት የሉም። ስለዚህ የአባቱ ደም ያስፈልጋል። የአቦይ ሀጎስ ደም።

ናሙናው የሚላከው በመጪው ሰኞ ነው። ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ዶክተሯም አታውቅም።

አቦይ ሀጎስ! በልጃቸው ሠርግ ቀን ባርኔጣቸውን የደበቅኩባቸው ሰውዬ። እስከዛሬ ሲያዩኝ ጭንቅላታቸውን ይዳብሳሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሲኤምሲ ሰፈር ወደሚኖሩት ሰውዬ ደወልኩ። አቦይ ሀጎስ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም። የለም አልኩህ!» ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ አላነሱም። ከሌላ ስልክ ደወልኩ፣ አነሱ፣ ድምፄን ሲሰሙ ዘጉ። ለዚያችም ደስ አለኝ፣ ቢያንስ አነሱ።

ማታ የመጨረሻ ልጃቸው ራሄል ደወለችልኝ፣ በሹክሹክታ። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። «አባቴ የእጮኛዬ ቤተሰብ እንዳይሰማ ፈርቶ ነው ጋሽዬ። የዘር በሽታ አለባቸው ከተባለ…» አልጨረሰችውም። የራሴን ደም ልስጥ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዶክተሯን ጠይቄ ነበር። ራሄል ላይ ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ ግን ምንም አይነግረንም፣ አባትየው ላይ ኖሮ ለእሷ ሳይተላለፍ ሊቀር ይችላልና። ከአባትየው መጀመር ይሻላል።

ያን ጊዜ አንድ ብልሃት ታየኝ። በአቦይ ሀጎስ ሰፈር «ነፃ የስኳር ምርመራ» የሚል ማስታወቂያ ላስለጥፍ፣ ደሙን እንቅዳና እንሂድ። ለዶክተር ፌቨን ነገርኳት። በልጅነቴ እናቴ እንኳ እንዲህ አልተቆጣችኝም። ሰውየው አውቀው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው ካልሆነ አንዲት ጠብታ አትነካም። «ደግሞ ይህን ሐሳብ ለሌላ ሰው እንዳይነግሩ» አለችኝ። ለዚህ ደብተር ነገርኩ፤ ደብተር ሰው አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ቦሌ መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ አሳንሰሩ መሃል ፎቅ ላይ ቆሞ ሦስት ሰው ውስጥ ቀርቶ ነበር። በበሩ በኩል «አይዟችሁ፣ ኦክስጅን የሚከፈለው በሰዓት ነው» አልኳቸው። አንዱ በጣም ተሳደበ። አወጣኋቸው። የተጣበቀ ነገር ሁሉ እንደዚህ ቢከፈት ምን ነበረበት?

እዚያው ዘይት በዘይት ሆኜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እምቢ ያለ አባት በምን ይለመናል? በሽማግሌ! ሴት ልጁን የሚሰጥ ሰው ደሙን ይከለክላል? ማታውኑ ሰዎቼን መረጥኩ፦ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ እና የአቦይ ሀጎስ የራሳቸው የንስሐ አባት። የንስሐ አባታቸውን ማግኘቴ ከኮራሁባቸው ተንኮሎች አንዱ ነው።

ሰናይት ኩሽና ቆማ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። አንደኛው ስህተት ከእሷ መምጣቱ እንዳይነገር። «ታዴ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጄንም ያሳመምኳት እኔ ነኝ እንዲሉኝ አልፈልግም።» እሺ አልኳት። ለሽማግሌዎቹም አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነው፤ ቀኑም ለሽማግሌ ይመቻል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሦስቱንም በመኪናዬ ሲኤምሲ አደረስኳቸው። ላኪ አብሮ አይገባምና እኔ በር ላይ ቀረሁ። ሦስት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ያየች ጎረቤት እልል አለች፤ ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ «ራሄል ታጭታ የለም እንዴ? ሌላ ደግሞ መጣባት?» አለችኝ። «ገበያው ደርቶ ነው» አልኳት።

ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። ጋሽ ወልዴ ጺሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ።

«ተሳካ!» አለኝ።

«እሺ አሉ?»

«ቁጭ በሉ ቢሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ተነገራቸው። አሰቡበት። ከዚያ ቀጠሮ ሰጡን!»

«የመቼ?»

«ከዘመድ ልምከርበት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉ።»

ጭንቅላቴን መሪው ላይ ደፋሁት፣ ጥሩንባው ጮኸ። ዳኛው ተቆጡኝ፦ «አንተ ሰው ምን ሆነሃል? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አይተሃል? እምቢ ሳይሉ ቀጠሮ ሰጡ ማለት እኮ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሠርግ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እጨፍር ነበር። ሰኞ የሚሄድ ዕቃ ይዤ፣ በመጀመሪያ ቀን እሺ የማይባልበትን መንገድ የመረጥኩት እኔው ነኝ! ሽማግሌ የተላከበት ሰው ደግሞ እኔ ሄጄ ልለምን ብል አይሰማኝም፤ ነገሩ አሁን በሽማግሌ እጅ ነው። በገዛ እጄ አሳንሰሩን መሃል ፎቅ ላይ አቆምኩት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዛሬ የተናደድኩባቸው፦ ጋሽ ወልዴ። ዳኛው። ፍርፋሪው። ከእኛ ቀጠሮ ጋር የማይተዋወቀው የውጭ አገር ሰኞ። አቦይ ሀጎስ። እኔ። እኔ እንደገና።

ዶክተር ፌቨን ደብዳቤ ጽፋ ቀኑ እንዲራዘም ጠየቀች። መልሱ ጨዋ ነበር፣ እምቢም ነበር።

ሊያ ምሳ ላይ ማንኪያዋን ጣለች። አነሳሁላት። ጣለች። አነሳሁላትና «ይህ ማንኪያ ካንቺ ተጣልቷል፣ ሽማግሌ እንላክበት» አልኳት። ሳቀች። ቀጥላ ጠየቀችኝ፦ «መድኃኒቱ የኔ ብቻ ነው?»

«ያንቺ ብቻ። ስምሽ ይጻፍበታል።»

«ሌላ ልጅ እንደኔ ብትታመምስ?»

«ለእሷም የራሷን ይሠሩላታል።»

«ማነው የሚጠይቅላት?»

ጥርስ የላትም፣ ጥያቄዋ ግን ይነክሳል። አፍንጫዬን ተጫነችና ወደ አልጋዋ ወሰድኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሥርዓቱን ጣስኩ። ለብቻዬ ሲኤምሲ ሄድኩ። አቦይ ሀጎስ ራሳቸው በሩን ከፈቱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጫን አድርገው። ግባ አላሉኝም።

«ሽማግሌ ልከህ አንተ ደግሞ ትመጣለህ?»

ቀልድ ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝ። ሰኞ ይልካሉ፣ ሁለት ሳምንት የለንም አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄን ቀብሬዋለሁ ታደሰ። አሁን ደግሞ መርፌ ይዛችሁ መጥታችሁ፣ ልጅቷን ያሳመማት እሱ ነው ልትሉኝ ነው። የሞተ ሰው ራሱን ይከላከላል?»

እኔ እስካሁን የመሰለኝ ነገሩ የራሄል ሠርግ ብቻ ነበር። ሰናይት ኩሽና ቆማ ያለችኝን ነው እሳቸው በር ላይ ቆመው የሚሉኝ። ሁለቱም ያንኑ ክስ ፈርተው፣ አንዱ ገርጂ አንዱ ሲኤምሲ ተቀምጠው፣ ልጅቷ መሃል።

ለእህቴ የገባሁትን ቃል እዚያው በር ላይ አፈረስኩት። «አቦይ፣ ሁለት ነው። አንዱ ከእኛ ቤት ነው፤ ሰናይት ላይ ተገኝቷል። ከእናታችን ወይ ከአባታችን ይሁን አናውቅም፣ እኔም ሊኖርብኝ ይችላል። አንዱ ብቻውን ማንንም አያሳምም። ዮናስ ታምሞ ያውቃል? ሰናይትስ? ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ጥፋተኛው ሠርጉ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁላችንም ጨፍረናል።»

«ለሽማግሌዎቹ ለምን ይህን አልነገራችኋቸውም?»

«እኛም አፍረን ነው።»

በሩን ዘጉት። በቀስታ ነው፣ ግን ዘጉት።

ቃሌን ማፍረሴን ለሰናይት ነገርኳት። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ማታ እራት አቀረበችልኝ፣ አሁንም ሳታናግረኝ።

እሑድ፣ ጥር 24

ከሲኤምሲ ምንም የለም። ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልጽፍም፣ ያሳፍራል። ራሄልም አታነሳም። ጋሽ ወልዴ ሥርዓት እንደጣስኩ ሰምቶ ደወለ፦ «ሽማግሌ ልከህ አልፈኸን ትሄዳለህ? ነገ ልጅህን ብትድር ማን ይሄድልሃል?» ልጅ የለኝም አልኩት። «ይኸው፣ በዚህ ጠባይህ ነዋ!» አለኝ። እሱ እንኳ ቀልድ ጀምሯል፤ እኔ ነኝ ያለቀብኝ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ጠዋት ሊያን አዝዬ ወረድኩ። የእሷና የእናቷ ናሙና ብቻውን ይሂድ፣ ምናልባት ይቀበሉን ይሆናል ብለን ነው። ዶክተር ፌቨን ፊቷ ላይ «ምናልባት» ብዙ አልታየኝም።

ክሊኒኩ ስንደርስ አቦይ ሀጎስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት። አጠገባቸው ራሄል፤ ከራሄል አጠገብ እጮኛዋ፣ የመኪና ቁልፍ በእጁ። ይዟቸው የመጣው እሱ ነው። ራሄል ቅዳሜ ማታ ሁሉን ነግራዋለች። ልጁ ያለው፦ «ታዲያ እኔም ልመርመር?» ነው። በቃ፣ ይህን ብቻ። አቦይ ሀጎስ ሳምንቱን ሙሉ የፈሩት ነገር በአንድ ጥያቄ አለቀ።

ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አቦይ ሀጎስ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈለግኩ፤ አፍንጫዬን እየተጫነች ያለች ተሳፋሪ ነበረችኝ።

ዶክተሯ ሁሉን አስረዳቻቸው፣ ፈረሙ። ኮታቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ዙሪያውን አዩ፤ የሚሰቀልበት የለም። ለእኔ ሰጡኝ።

«ያዝ። ከጠፋ አውቅሃለሁ።»

መርፌው ሲገባ ሊያ «አያ፣ ያማል?» አለቻቸው። «አያምም» አሉ፣ ፊታቸውን እያኮማተሩ። እሷም «ውሸታም፣ እንደ ታዴ» አለች። ባርኔጣውን ራሴ ላይ ላደርገው አስቤ ተውኩት። ዛሬ ተውኩት።

ሣጥኑ ከቀትር በኋላ ሄደ። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ሁለተኛው ስህተት ከዮናስ ወገን ነው ቢባል እንኳ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ሊሞከር ይችላል ማለት ነው። እስከዚያ ደረጃውን የምወጣው እኔ ነኝ።

ስንለያይ ባርኔጣቸውን መለስኩና አመሰገንኩ። ሽማግሌዎቹን እንግዲህ ቅሩ እላቸዋለሁ አልኳቸው። ደነገጡብኝ።

«እንዴት ይቀራሉ? ቀጠሮ ሰጥቻለሁ እኮ! ድግሱም ታዟል። በቀናቸው መጥተው፣ ቆመው ጠይቀው፣ መልሳቸውን ይውሰዱ።»

እንግዲህ የምንጠብቀው መልስ ሁለት ሆነ። አንዱን አውቀዋለሁ።