የነካኋት ንግሥት

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
የ7ኛ «ለ» ፈተና ታርሞ አለቀ። ግማሹ ክፍል ክፍልፋይ አልገባውም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንጃ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሌላም ወሬ አለኝ፦ እሑድ በከተማው አዳራሽ ቼዝ ልጫወት ነው፣ ከ11 ዓመት ልጅ ጋር! በመግቢያው ገቢ ለጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይገዛል። ልጅቱ የሻረግ ትባላለች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የገሳይ ቀበሌ ልጅ ናት። ስትጫወት አይቻታለሁ። ታስፈራለች።

ዓርብ፣ የካቲት 21
አባቷ አቶ ሙጨ ት/ቤት መጡ። ገበሬ ናቸው፣ ቁጥብ ሰው። ባሕር ዳር የክልል ውድድር አለ፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ የካቲት 29 ይነሳል። ሴት ልጅ ለጨዋታ ብላ አራት ቀን ከቤት አትርቅም ብለው ነበር። ዛሬ ቃል ገቡ፦ መምህሩን በሰው ፊት ካሸነፈች ትሂድ፣ ካልሆነ ነገሩ እዚህ ያብቃ።

ባለቤቴ ብትለቅላትስ አለችኝ። ተቆጣሁ። ቼዝ ላይ ምጽዋት የለም፣ ልጅቱንም መናቅ ነው አልኩ። እንዴት ተኮፈስኩ!

እሑድ፣ የካቲት 23፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
አሸነፍኩ። ተጨበጨበልኝ። ሌላ መጻፍ አልፈልግም።

11 ሰዓት
እሺ፣ ልጻፍ።

የሻረግ አጣብቃኝ ነበር። ንግሥቴን ያዝኳት፣ ትንሽ ከፍ አደረግኳት። ያኔ ታየኝ፦ ንግሥቲቱ ከዚያ ከተነቃነቀች ንጉሤ መከታ አጥቶ ይቀራል፣ አለቀልኝ። የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ለስንት ተማሪ ያስተማርኩት ሕግ! መልሼ አስቀመጥኳትና ፈረሴን አንቀሳቀስኩ።

ዳኛው ለእንግዶች ወንበር ያመቻች ነበር፣ አላየም። የሻረግ አየች። ቀና ብላ ተመለከተችኝ፣ ልትናገር ከንፈሯ ተከፈተ፣ ከዚያ አቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ ሳታስብ እየተጣደፈች ነው የተጫወተችው። ሲያልቅ እጅ ነስታኝ ከመድረኩ ወረደች። አባቷ ነጠላዋን አስተካክለውላት ይዘዋት ሄዱ።

ሰኞ፣ የካቲት 24
የመምህራን ማረፊያ። እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አፈርኩ። የኔ ማፈር ግን ለየሻረግ ምን ይጠቅማታል? ፍራሾቹ ዛሬ ተገዙ አሉ። ልሄድና ላያቸው አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 26
ከክፍል ስወጣ በሚኒባስ ገሳይ ሄድኩ። ለአቶ ሙጨ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ልጅቱ ባለችበት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እሷን ጠየቋት። መሬት መሬት እያየች፣ መምህር ንግሥቲቱን አልነኩም አለች።

ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «መምህር፣ አዝነውላት ነው። እኔ ልጄን በምጽዋት አልሰድም።» የራሴው ቃል!

እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ለምን ዋሸሽ አልኳት። ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «አንቱን በአባቴ ፊት አጭበረበሩ ልበል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ታላቅ ሲገባ ተነሱ፣ ታላቅን አታርሙ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ያ አክብሮት እሑድ ለእኔ መደበቂያ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ እሷን አስዋሻት። ማስታወሻዬ፣ ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27
ወሰንኩ። ር/መምህሩን አስፈቀድኩ። ለአቶ ሙጨ ስልክ ደወልኩ፤ ነገ ጠዋት ልጅዎን ይዘው ይምጡልኝ አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

የእሑዱን ጨዋታ ከዚያች ቅጽበት በፊት እስካለው ድረስ ሰሌዳው ላይ ደርድሬ አየሁት። የአንዱም ጠጠር ቦታ አልጠፋኝም። ምነው በጠፋኝ!

ዓርብ፣ የካቲት 28፣ ጠዋት 1፡40
ሰሌዳው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ጠረጴዛ ላይ ነው። ተማሪው ተሰልፏል። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ አቶ ሙጨ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ የሻረግ ከኋላቸው ናት።

መጀመሪያ ያደረግኩትን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። እሷን ምንም አልጠይቃትም፣ እንደገና እንድትዋሽልኝ አልፈልግም። ንግሥቴን አንስቼ መሄድ ወደነበረባት ቦታ አደርሳታለሁ። ከዚያ ተራው የእሷ ነው። እንዴት እንደምትጨርሰኝ ታውቃለች፤ አውቶቡሱም ነገ ነው።

ደወሉ ተደወለ። ልውጣ።