የእህቴ ሽንኩርት

አማቼ፣

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። ቧንቧውም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ሰሃን ያለቀለቅንበትን ውሃ ለሽንኩርቱ እየሰጠን እዚህ ደረስን።

እኔ ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን አንዲት ሳታስቀር ከነሥሩ ነቅለህ፣ ሾርባ ሠርተህ ጠበቅኸኝ። "ሽንኩርት ለድስት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?" አልክ። ማንኪያውን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ለእኔ ብለህ ነበር የሠራኸው። መብላት ነበረብኝ።

ያ ሽንኩርት ገበያ አይገኝም። ግማሹን ወስደው ግማሹን መሬት ውስጥ ይተዉታል፤ የቀረው ይዋለዳል። ሚስትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእናታችን ጓሮ ያመጣችው ነው። እኔ ጎጆ ስወጣ አንድ እግር ሰጥታኝ፣ "ጋሼ፣ ብድር ነው። የእኔ የጠፋ ቀን ትመልሳለህ" አለችኝ። "ሽንኩርት ደግሞ የት ይጠፋል?" ብዬ ሳቅሁባት።

ትናንት፣ አንተ ጋ ስገባ ያከራየሁት የድሮ ቤቴ ሄጄ ነበር። ተከራዮቹ ጓሮውን ዞር ብለው አላዩትም፤ ስንፍናቸው ይባረክ። ሽንኩርቱ አለ።

አሁን ልጄ ቤት እሄዳለሁ። እስክትጠነክር ነው ብላኛለች። ቁልፉ ጎረቤት ነው። ድስት ውስጥ ምስር አለ፤ ሽንኩርት የለውም።

ያመጣሁትን ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር፣ እሷ በተከለችበት ቦታ ተክዬዋለሁ። ጫፉ ይታያል፤ አፈር አትመልስበት። ሳሙና የነካው ውሃ አታጠጣው። እስኪበዛ ቅጠሉን ብቻ ቅጠፍ። ሲበዛ ግማሹን ብላ።

የእህቴን ብድር መልሻለሁ።