ፒካፑ ይቅር፣ አንተ ና

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ የአላህ ስለሆነ ልነፍግህ አልችልም፤ የእኔ ቢሆን ኖሮ አታገኘውም ነበር። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? አዳማ ይሞቃል ይባላል፤ ራያ ቆላ ላደገ ሰው መቼም ምንም አይለውም። ባለቤትህም ደኅና ትሆናለች ብዬ አስባለሁ። እኛ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። እናትህ ትንሽ ደከም ብሏት ነበር እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ስልክ ያልደወልሁልህ ድምፄ ስለዘጋ ነው። ጉንፋን ይዞኛል። ደግሞም ስልክ ላይ ሁልጊዜ ታቋርጠኛለህ፤ ወረቀት ላይ አትችልም። አንተም ወደዚህ አትደውል፤ ማንም አያነሳልህም። ቤቱ ዛሬ ሰው ስለበዛበት ግቢ ወጥቼ፣ ቮልሷ ውስጥ ገብቼ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልህ። ሰዎቹ ለምን እንደተሰበሰቡ ወደ ታች ትደርስበታለህ። ደብዳቤውን የሚሰጥህ ያው የአውቶቡሱ ሾፌር ዘካሪያስ ነው፤ ባለፈው ያንተን መልእክት ያመጣልኝም እሱ ነበር። ምንም አትጠይቀው። እሱ ሥራው መንዳት ነው።

መልእክትህ ደርሶኛል። ዕቃ ማመላለሻ ሁለተኛ መኪና እያፈላለገች ነው ሲሉ ሰምተህ፣ ደብል ጋቢናውን ፒካፕ በሾፌር ልትልክልኝ ፈልገሃል። ‘እኔ ሌላ ገዝቻለሁ፣ ይኼኛው ለእሷ ይሁናት’ ብለሃል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። አልፈልግም።

ሁለተኛ መኪና መፈለጌ ግን እውነት ነው። ቮልሷን ታውቃታለህ። ከዓመቱ እኩሌታውን ድንጋይ ላይ ተሰቅላ የምታሳልፍ መኪና ለራሷ ዕቃ ማመላለስ አትችልም። ተነስታ የሄደች ጊዜም ቢሆን የፊት ኮፈኗ ውስጥ ቢበዛ አንድ የገበያ ዘንቢል ነው የሚገባው። ከደሴ ያስመጣሁት ፓራፋንጎ፣ የጎማዋ ጭቃ መከላከያ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፍየል ተኝቶበት ተጣሞ ደረሰ። ካምቢዮዋን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከወልድያ ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቶቼ መሀል ይዤ ስመጣ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሙክት መስሎት ስንት ገዛሽው አለኝ። ቀን ጨርቅ እየሸጥሁ፣ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ቅባት ውስጥ የምነከር ሴት መሆኔ ለከተማው መሳቂያ ከሆነ ቆይቷል። ይሳቁ። ሱሴ ነው፤ ሱሱን ያስያዝኸኝ ደግሞ አንተ ነህ። አንተ ተሽሎሃል፣ ነጋዴ ሆነሃል። እኔ አልዳንሁም።

መጀመሪያ ያየሁት ዋጃ ያለውን የይሁኔን ፒካፕ ነበር፤ የእህል ነጋዴውን ይሁኔን። ሲንግል ጋቢና ነው፣ ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ። ነጠላዬን አውልቄ ከሥሩ ስገባ ይሁኔ ቀሚስሽ ይቆሽሻል እያለ ዙሪያዬን ይዞር ጀመር። ሻንሲውን በመፍቻ መታ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ቆሎ ፊቴ ላይ ረገፈ። በሁለት ቦታ ተሰብሮ ተበይዷል። ወጥቼ ይህን ስነግረው ተቆጣ፤ ባልሽን ላኪውና ከእሱ ጋር እንነጋገር አለኝ። ባሌ ዕቃ ጭኖ ወልድያ ሊያደርስ ሄዷል፣ ሲመለስ እልከዋለሁ አልሁት። አልገባውም። አንተ ይገባሃል።

ካልገባህ ላስታውስህ።

ያን ክረምት ተኩሱ ሲቀርብ ከተማው ሁሉ ጓዙን ይጭን ነበር፤ አንተም ጫንህ። የቮልሷን ትርፍ ሞተር ጫንህ፤ ጎማዎቹን፣ የመፍቻ ሣጥኑን፣ ለመሸጥ የሰበሰብኸውን መለዋወጫ ሁሉ ጫንህ። እናትህ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታይህ ነበር። እማን ጋቢና አስገባት ስልህ፣ ጋቢናው ውስጥ ባትሪና ዘይት አለ፣ ይደፋባታል፣ ወልድያ አራግፌ አሁኑኑ ተመልሼ ሁላችሁንም እወስዳለሁ አልኸኝ። ባትሪው ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ፤ እናትህ ደጃፍ ላይ ቀረች።

መንገዱ ተዘጋ። የዘጋኸው አንተ እንዳልሆንህ አውቃለሁ፤ እናትህም ይህንኑ እየደጋገመች ትነግረኝ ነበር። ጎረቤት ሲያማህ ልጄ ይመለስ ነበር፣ መንገዱ ነው የከለከለው ትላቸዋለች። እኔ ሞተር የምንገፋበትን የእጅ ጋሪ አወጣሁ፣ ብርድ ልብስ አነጠፍሁበት፣ እናትህን አስቀምጬ ወደ ሮቢት ገፋሁ። ጋሪው ድንጋይ በመታ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች፤ ቀስ በይ ልጄ ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ኡሙሃኒ የምትባል የማናውቃት ሴት ቤቷን ከፍታ እስኪረጋጋ ድረስ አኖረችን። እናትህ አንተን አንድም ቀን አልረገመችህም። እኔ በየቀኑ እረግምህ ነበር፤ እሷ ስትሰማኝ እጇን አፌ ላይ ትጭናለች።

ቤታችን ተመልሰን መንገዱ የተከፈተ ዕለት ደጃፉን ጠርጋ፣ ታጥባ ጠበቀችህ። በማግስቱም ጠበቀችህ። አንተ ግን በዚያ መለዋወጫ አዳማ ላይ ሱቅ ከፍተሃል። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አልህ፣ ቀጥሎ መንገዱ ያስፈራል አልህ፣ ቀጥሎ ሚስት አገባህ። ፍቺውን በስልክ የነገርኸኝ ዕለት እናትህ ያንን ልብሷን እንደገና ቋጠረችና፣ እንግዲህ እኔም ለአንቺ ምንሽም አይደለሁም፣ እህቴ ጋ ልሂድ ብላ ተነሳች። ቋጠሮውን ከእጇ ተቀብዬ ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ለዕቃ ማመላለሻ ብለህ ልትሰጠኝ ያሰብኸው እንግዲህ ያንን ፒካፕ ነው። እንደ መኪና እንከን አላወጣለትም። መጫኛው ሰፊ ነው፣ ባልስትራው ጭነት ሲበዛበት አይረግብም፣ ሞተሩ ገና ብዙ ይሄዳል። ከይሁኔ ዝገት ጋር አይወዳደርም። አዋቂ ሰው ይህን ትቶ ሌላ አይመርጥም። እኔ ግን ጠዋት ተነስቼ ደጄ ላይ ቆሞ ላየው አልችልም።

መልእክትህን ለእናትህ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ራሱ ነው የሚያመጣው? አለችኝ። ሾፌር ነው የሚልከው አልኋት። እንዲያ ከሆነ ይቅር አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንተን በጣም የጠላሁህ ያኔ ነው፤ ጋሪውን ስገፋ እንኳ እንዲያ አልጠላሁህም።

አጎትህ በድረዲን ነው ኋላ የጭነት ባጃጅ የሚሸጥ ሰው አለ ብሎ የወሰደን። ባለ ሦስት እግር፣ ከኋላው ክፍት መጫኛ ያለው። እናትህ ካልሄድሁ አለች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ እያለች ደረሰች፣ መጫኛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ቆርቆሮውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ይኼ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ሳያነሳኝ በራሴ እወጣበታለሁ አለች። እኔ ቀድሞ በልቤ ብዙ ነገር ሳመዛዝን ነበር፤ ነዳጅ አይበላም፣ በገበያው መሀል ያልፋል፣ መለዋወጫው እዚሁ ቆቦ ይገኛል፣ ግን ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፣ ዳገት ላይ ይለግማል እያልሁ። ያንን ቃል ስትናገር ግን ማመዛዘኑ አበቃ። ገዛሁት።

መጀመሪያ የጫንሁበት ዋጃ ከአንድ የድሮ ሾፌር ግቢ ያገኘሁትን የቮልስ ሞተር ነው፤ አንተ በወሰድኸው ፈንታ የሚገባውን። በገመድ አሥሬው ነበር። እናትህ ገመድ አላመነችም። እኔ እይዘዋለሁ ብላ ከኋላ አብራው ተቀመጠች፣ እንደ ጥጃ አንገቱን አቅፋ እስከ ቆቦ መጣች። አስፓልቱ ላይ ሰው እየቆመ ሲስቅ እሷም ትስቃለች። ቀሚሷ በሙሉ ዘይት ሆነ። ቤት ስንደርስ አሁን ይቺ ኤሊ ትነሳለች? አለችኝ። ትነሳለች እማ፣ ስትነሳ አንቺን ከፊት አስቀምጬ ወልድያ እወስድሻለሁ አልኋት። ልጄ ቤት ድረስ ትደርሳለች ወይ? አለች። አዳማ ሩቅ ነው አልኋት እንጂ አትደርስም ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው ደከም ያላት። መጀመሪያ ብርድ መስሎን ነበር፤ ኋላ ትንፋሽ አጠራት። ሰው ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። ባጃጁ ደጅ ላይ ስለቆመ ፍራሽ አነጠፍሁበትና አወጣኋት። ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ይበቃል። በድረዲን አጠገቧ ተቀመጠ፣ እኔ ነዳሁ። ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸሁ፣ ከኋላዬ የሚከተለኝን መኪና ጡሩምባ ሳልሰማ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ነድቼ አላውቅም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፣ አላህ ይስጣቸው። ትናንት ወደ ቤት መልሰናታል። አሁን ምንም አያማትም።

ሐኪም ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አቁሚ አለችኝ። ዳር ይዤ ቆምሁ። ልጄን አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ በይልኝ አለች፤ ከልቤ ነው በይው አለች። አደራዋን አድርሻለሁ። አውፍ ያለችህ እሷ ናት። እኔ አላልሁህም። ሁለቱን እንዳታደባልቃቸው።

አሁን ወደ ተሰበሰበው ሰው ልምጣ። ከፍቺው ወዲህ የቆየው የግቢው ክፍፍል ጉዳይ በሽማግሌ ፊት እንዲያልቅ ተብሎ አጎትህም፣ የመስጊዱ ሰዎችም፣ ጎረቤቱም መጥተዋል። የእናትህ እህትም መጥታለች። ያለ አንተ አይሆንም። ይህ ወረቀት እጅህ በገባበት ሰዓት ሱቅህን ዝጋና ተነሳ። ነገ ከነገ ወዲያ አትበል፤ ሥራ በዝቶብኛል አትበል። እስከ ዛሬ ያልኸውን ሁሉ ሰምቼልሃለሁ፣ ይህን ግን አልሰማህም።

ፒካፑን ይዘህ እንዳትመጣ። ይህን የምልህ በእልህ አይደለም። ራስህ መንዳት የለብህም። ዘካሪያስ ከጎኑ ያለውን ወንበር ይዞልሃል፤ እሱ ሲያቆም ቁም፣ ተነስ ሲልህ ተነስ። ባለቤትህም አብራህ ትምጣ፤ ለብቻህ መሆን ጥሩ አይደለም። ማደሪያ አለ፣ እኔ በእሷ ላይ ምንም የለኝም። ወልድያ ስትደርሱ በድረዲን ተሳፍሮ ከጎንህ ይቀመጣል። የሚነግርህን እሱ ይንገርህ። እዚያው ሰው መሀል ብትጮህም ማንም አይታዘብህም።

ቤት ስትደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ብታይ አትደንግጥ። ፀሐዩ ስለከረረ ነው፣ ሰው ብዙ ስለሆነ።

እኔ ወጥቼ አልቀበልህም። ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ሰው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ግቢው ጸጥ ሲል እኔና አንተ ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን፤ ያን ጊዜ የምልህን ሁሉ እልሃለሁ፣ አንድም አላስቀርልህም። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገርህ ለሁሉም ነግሬያለሁ። ይህን ያደረግሁት ለአንተ ብዬ አይደለም።

ከመነሳትህ በፊት እህል ቅመስ። ከመጣህ በኋላ ስለማትበላ ነው።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ። ለሁላችንም ሶብሩን ይስጠን።

የእናትህ ምራት፣
ከቆቦ